የጠቆሩት እንሽላሊቶች

መስከረም 14

ይድረስ ለእናቴ ወንድም፣ እናትም አባትም ሆነው ላሳደጉኝ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ከረመ? ጉልበትዎስ ተሻለው? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለውኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልጠናም፤ የምሠራበት ክፍልም ይሞቃል። እህቴ የምላት ልጅዎ ከነልጇ ወደ እርስዎ ቤት መመለሷን ስሰማ ደስ አለኝ። ያ ቤት ሰው አገኘ ማለት ነው። በስልክ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል እንደሚሉ ስለማውቅ በወረቀት ጻፍኩልዎ።

ጋሼ፣ የዛሬው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። "ምንድነው የምታጠኚው?" ባሉኝ ቁጥር "እንስሳት" ብዬ እያለፍኩ ኖሬያለሁ። አሁን በወጉ ልንገርዎ። አንድ ዓይነት የዱር እንስሳ ከቦታ ቦታ መልኩ ለምን እንደሚለያይ ነው የምናጠናው። እዚህ ያለችው እንሽላሊት ባለ መስመር ሆና ሁለት መንደር አልፎ ያለችው ባለ ነጠብጣብ የምትሆነው ለምንድነው? ድሮ ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲዞር ይኖር ነበር። ዛሬ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ሾፌሩ ያየውን በስልኩ ያነሳና ወደ አንድ ድረ ገጽ ይልካል። የተነሳበት ቦታና ቀን አብሮ ይመዘገባል። እኛ ደግሞ ያንን ሺህ በሺህ እየለቀምን ቀለሙን እንለካለን።

ችግሩ የኛ ከተማ ነው። ካርታው ላይ ሌላው አገር በነጠብጣብ ተሞልቶ የኛ ባዶ ነው፤ እንሽላሊት ያልተፈጠረበት ይመስላል። ፕሮፌሰሩ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ "ከዚያ የሚልክልን ሰው በተገኘ" ሲል ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። በየወሩ የከተማውን ግማሽ በእግሩ የሚያዳርስ፣ የሰው ግቢ እየገባ የውሃ ቆጣሪ ሳጥን የሚከፍት ሌላ ማን አለ?

እንግዲህ ልመናዬ፦ ቆጣሪ ሲያነቡ እንሽላሊት ካገኙ፣ ከላይ ጀርባዋን አንዴ ያንሱልኝ። የድረ ገጹን አፕ እህቴ ስልክዎ ላይ ትጭንልዎታለች።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 3

ይድረስ ለቀለሜዋ፤

እንደምን አለሽልኝ? እግርሽ ከረገጠበት መልካም ነገር አይጥፋ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ነው፤ ሲሻው ይታዘዛል፣ ሲሻው ያምጻል።

ደብዳቤሽን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ። በዚህ ዘመን ሰው ካልቸገረው በወረቀት አይጽፍም ብዬ። ሳነበው ግን ሳቄ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንሽላሊት ሳባርር ኖሬ በስተርጅና ደጅ ልጠናቸው? ውሻ ብታጠኚ ኖሮ እስካሁን ፕሮፌሰር አድርጌሽ ነበር። የዚህን ከተማ ውሾች አንድ በአንድ በጥርሳቸው አውቃቸዋለሁ።

ቢሆንም እሺ ብያለሁ። እስካሁን ስድሳ አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። ቀን አነሳለሁ፣ ቢሮ ስመለስ በቢሮው ኢንተርኔት እልካለሁ። አንዲት ሴትዮ "ቆጣሪውን ትቶ ግድግዳዬን ፎቶ ያነሳል" ብላ ከሰሰችኝ። አለቃዬ አስጠርቶ "ምንድነው ነገሩ?" አለኝ።

"ለሳይንስ ነው" አልኩት።

"ሳይንስ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው ግቢ የሚለቀመው?"

በሳምንቱ ታዲያ ከቤቱ አጥር ላይ ያነሳትን አንዲት እንሽላሊት ይዞ መጣና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይቺንም ጨምራት" አይለኝ መሰለሽ!

ቤቱ እንደምታውቂው ነው። አዲስ ነገር ቢኖር፣ ከጀርባችን ያለውን ባዶ ቦታ አንድ ሰውዬ ተከራይቶ የመኪና ባትሪ ያድስበታል። ያረጀውን ይሰብራሉ፣ ውስጡን ያቀልጣሉ፣ መልሰው ያፈሱታል። ጭሱ የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል እንጂ ሰውየው ክፉ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያውሰናል።

እህትሽ ሥራ ጀምራለች፤ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ገብታለች። ከሥራ ስመለስ ልጅቷ ከኔ ጋር ናት። ሦስት ዓመት ሞላት። ስሟን ትተን "ራዲዮ" ነው የምንላት። ጠዋት ትከፈታለች፤ እንቅልፍ ካልዘጋት የሚዘጋት የለም። ጓሮ ወጥቼ ፎቶ ሳነሳ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አፈሩን እየበተነች ዜና ታነባለች። "ይቺ እንሽላሊት ተቆጣች። ይቺ ደግሞ እናቷ ጋ ልትሄድ ነው።" ብታያት ጥናትሽን ትተሽ እሷን ነበር የምታጠኚው።

በርቺ። ፎቶ ሲያንስሽ ንገሪኝ።
አጎትሽ


ኅዳር 1

ይድረስ ለማይሰለቹኝ አጎቴ፤

ለእርስዎም፣ ለእህቴም፣ ለራዲዮም ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ጋሼ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ አያውቁም። ከተማችን ካርታው ላይ ወጣች። ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለ። ከላኳቸው መካከል ዘጠኝ እንሽላሊቶች ጥቁር ናቸው። የሌሎቹ ጀርባ የአፈር መልክ አለው፤ የእነዚህ ከሰል ነው። ዘጠኙም የተነሱት ከእናንተ ሰፈር ነው። ለፕሮፌሰሩ ሳሳየው ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህ ሰው ለማንም ወንበሩን ስቦ አያውቅም።

ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። አንደኛ፣ ከሰፈራችሁ ብዙ ፎቶ እፈልጋለሁ፤ ጥቁሮቹ የት ጀምረው የት እንደሚያበቁ ማወቅ አለብን። ሁለተኛ፣ እንሽላሊት ስታድግ አሮጌ ቆዳዋን ትጥላለች። ሳጥኖቹ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር አይተው ያውቃሉ? እሱ ነው። ካገኙ በወረቀት ጠቅልለው በደብዳቤ ይላኩልኝ። ከየት እንደተገኘ በእርሳስ ይጻፉበት፤ የብዕር ቀለም ላብራቶሪ ውስጥ ያበላሽብናል።

ይህ ነገር ተሳክቶ ጽሑፋችን በሳይንስ መጽሔት ከወጣ የኔ ሕይወት እዚህ መስመር ይይዛል። ለእኔ የተጉትን ፈጣሪ በእጥፍ ይመልስልዎ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 26

ይድረስ ለቀለሜዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቆዳ ካልሽ ቆዳ ይኸው፦ አሥራ አራት ነው፤ አሥሩ ከሰፈራችን፣ አራቱ ከሩቅ። በእርሳስ ጽፌበታለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ "ፖስታው ውስጥ ምን አለ?" ብትለኝ "የእንሽላሊት ልብስ" አልኳት። አላመነችኝም፤ ከፈተችው፤ ጮኸች።

ያልሽውን ድንበር አግኝቼልሻለሁ። ከባትሪ ቤቱ ጀምሬ በአራቱም አቅጣጫ ሄድኩ። እስከ ስድስተኛው ሳጥን ድረስ ያሉት ጥቁር ናቸው። ከዚያ ወዲያ እየፈዘዙ ይሄዳሉ። ከአሥረኛው በኋላ እንደ ወትሮው ናቸው። ጥላሸት ተቀብተው ይሆናል ብዬ አንዷን ይዤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳት። አይለቅም። ጥቁረቱ ከውስጥ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ዓይን አለኝ። ምንድነው የሚያጠቁራቸው? ጭሱ ነው? ነገሩ ሲገባሽ ንገሪኝ፤ ራሴን እየበላኝ ነው።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትሳቂብኝ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜ ይገባል? ሠላሳ አንድ ዓመት ስሜ የተጻፈው በፊርማ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ራዲዮ ትንሽ አሟታል። ሆዷን ታሻለች፤ ምግብ እንቢ ትላለች። ልጅ ነው፣ ያልፋል።

አጎትሽ


የካቲት 8

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቆዳዎቹ በደህና ደርሰዋል፣ በጣም ጠቅመውናል። ከተቻለ ከባትሪ ቤቱ አካባቢ ሃያ ያህል፣ ከሩቅ ሰፈር ደግሞ ሃያ ያህል ይጨምሩልኝ። ፕሮፌሰሩ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል።

ስምዎን በተመለከተ እጠይቃለሁ።

ለእህቴ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ራዲዮን ደግሞ ምግብ ስትበላ እጇን በደንብ እጠቡላት፤ ጓሮ ውስጥ ባትጫወትም ጥሩ ነው። እንዲያው ነው፤ ልጆች አፈር አፋቸው ውስጥ ይከታሉ ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቆዳውን ልኬልሻለሁ፣ አርባ ሁለት ነው። ሩቅ ሰፈር ያለውን ለማግኘት እሑድ እሑድን ጨርሼዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምን ያጠቁራቸዋል ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ስለ ስሜ መለስሽ፣ ስለ እሱ አልመለስሽም። ካላወቅሽ "አላውቅም" በይኝ፤ አላውቅም ማለት አያስነውርም። አንቺ ልጅ ሆነሽ የማይገባሽን ነገር እስከ ደጃፍ ድረስ እየተከተልሽ ትጠይቂኝ ነበር። አሁን እንዴት ዝም ማለት ለመድሽ?

ልጅቷን እጇን እጠቡላት ያልሽውን እናቷ ታጥባታለች። ጓሮ አትውጣ ያልሽው ግን የት ትሁን? ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ክሊኒክ ወስደናት የሆድ ትል ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ጨረሰችው። ለውጥ የለም። ፊቷ ገርጥቷል፤ ደረጃው ላይ ወጥታ ትቀመጣለች፣ አትወርድም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ወሬ ቀንሳለች። በፊት የምታውቃቸውን ቃላት ፈልጋ ታጣቸዋለች። ትናንት ማንኪያውን በጣቷ እያሳየችኝ ስሙ ጠፋባትና አለቀሰች። እናቷ "እየተጫወተች ነው" ትላለች። እኔም "አዎ" እላለሁ። ሁለታችንም እንደዋሸን እናውቃለን።

እዚያ ሐኪም የሚያውቅ ሰው ካለሽ ጠይቂልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 30

ለውድ አጎቴ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። የምሥራች አለኝ። ጽሑፋችን ለመጽሔቱ ተልኳል። ገምጋሚዎቹ በጣም ወደውታል፤ ከተራ ሰዎች ፎቶ ብቻ ተነስቶ እዚህ የደረሰ ጥናት ብዙ አይደለም ብለዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። የመኖሪያ ፈቃዴም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ።

ስለ ልጅቷ ያሉትን አንብቤያለሁ። ትልቅ ሆስፒታል ቢወስዷት ይሻላል፤ የደም ምርመራ ያድርጉላት። ሁሉንም ዓይነት።

ራዲዮን ሳሙልኝ።
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 11

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን ዛሬ ተይው።

ሆስፒታል ወሰድናት። አንዲት ወጣት ሐኪም ናት ያየቻት። ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ድዷን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ፣ ቤታችሁ አጠገብ ምን ይሠራል?"

"ባትሪ" አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ደም አስወሰደችና በሳምንቱ ተመለሱ አለችን። ተመለስን።

"እርሳስ ነው" አለች።

ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ ደንግጣ "እኛ ቤት እርሳስ የለም፣ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም" አለች። ሐኪሟ "የሚጻፍበትን አይደለም" አለቻት። "ባትሪ ውስጥ የሚቀልጠውን ነው የምልሽ። አቧራው አፈሩ ላይ ያርፋል፤ ከአፈሩ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ አፏ። ልጆችን አእምሯቸው ላይ ነው የሚመታው።"

"እንሽላሊትንም ያጠቁራል?" ብዬ ጠየቅኳት። አእምሮውን የሳተ ሽማግሌ መስያት ነው መሰለኝ፣ ልጄን አየቻት።

ቤት ገብቼ ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ዘረጋኋቸው። እጇን እጠቡላት። ጓሮ አትጫወት። የደም ምርመራ፣ ሁሉንም ዓይነት። ቀለሜዋ፣ አንቺ እኮ በጥቂቱ፣ በማንኪያ ጫፍ ነበር የምትነግሪኝ። ሳይነግሩ የነገሩ ለመባል።

ባትሪ ቤቱ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። "ሽማግሌ፣ ለሃምሳ ሰው እንጀራ የሆነ ሥራ በልጅ ሆድ ቁርጠት ይዘጋል እንዴ?" አለኝ። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ፎቶዎቹን ሁሉ አሳትሜ ይዤ ነበር፤ ጥቁሮቹን በአንድ በኩል፣ ደህናዎቹን በሌላ በኩል። ኃላፊው አንድ በአንድ አያቸው። "ጥሩ ፎቶ አንሺ ነህ" አለኝ። "ግን ይህ ማስረጃ አይሆንም። የተማረ ሰው የፈረመበት ወረቀት አምጣ።"

የተማረ ሰው አለኝ አልኩት።

ቆዳውን መርምራችሁ ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሜንም ተይው።

አጎትሽ


ሐምሌ 6

ለአጎቴ፤

እንደምን አላችሁ ብዬ ለመጀመር እጄ እንቢ አለኝ።

ልዋሽዎ አልችልም። የቆዳዎቹ ውጤት ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው ጥር 17 ቀን ነው። ከባትሪ ቤቱ አካባቢ በተገኙት ቆዳዎች ውስጥ ያለው እርሳስ ከሩቆቹ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ጥቁሩ ቀለም እርሳሱን ይዞ ከሰውነታቸው እንደሚያስወጣላቸው ነው የምናስበው። ቆዳቸውን ሲጥሉ መርዙን ይጥሉታል። ለዚያ ነው ጥቁሮቹ እዚያ የበዙት፤ ሌሎቹ አልቆዩም።

የዚያን ቀን ልጽፍልዎ ወረቀት አወጣሁ። ፕሮፌሰሩ "ቆዳ ደም አይደለም። እንሽላሊት ሰው አይደለም። እርግጠኛ ሳንሆን ሰፈር ብናሸብር፣ የባትሪ ቤቱ ባለቤት ከሶን ጥናቱ ይወድቃል። መጽሔቱ ካወጣው በኋላ ሁሉም ያነበዋል" አለኝ። እኔም አመንኩት ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አላመንኩትም። ፈራሁት። ከእሱ ፊርማ ውጭ እዚህ አገር አንድ ቀን መቆየት አልችልም።

እዚያ ሰፈር ልጅ እንዳለች አውቅ ነበር። ዘጠኙን ፎቶዎች ሳስተካክል በአንደኛው ጥግ ላይ የትንሽ ልጅ እጅ ይታያል፤ አፈር ጨብጣለች። ለመጽሔቱ ስንልከው ያንን ጥግ ቆረጥኩት።

ወረቀቱን አሁን መላክ አልችልም። ጽሑፉ በመስከረም ይወጣል፤ ያን ጊዜ በእጄ ፈርሜ እልክልዎታለሁ። ሁለት ወር ብቻ ይታገሱኝ፣ በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 20

ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ለልጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አልሰማችም፤ ተነስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። እስከ ምሽት ስትሰፋ ዋለች። ምን እንደሰፋች አላውቅም፤ ጨርቅ አልነበረም ከመርፌው ሥር።

ሁለት ወር ታገሱ አልሽ። እንሽላሊቶቹ ቆዳ ይጥላሉ፤ ልጅቷ ምን ትጣል?

በእናትሽ አጥንት አትያዢኝ። እናትሽ እህቴ ናት፤ ብትኖር እዚህ ስትደርሺ አላውቅሽም ትልሽ ነበር።

ፎቶዎቼን ከድረ ገጹ ላይ ላጠፋቸው ተቀምጬ ነበር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ናቸው። አጥፋ የሚለው ላይ ጣቴን ካሳረፍኩ በኋላ ተውኩት። እነሱ ምን አጠፉ? ያዩትን ተናገሩ።

ወረቀቱን ብትልኪ ላኪ። ባትልኪ ግን ሰላምታ አትላኪ።

አጎትሽ


ነሐሴ 25

ለአጎቴ፤

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የቆዳዎቹ ውጤት፣ የሳጥኖቹ ቦታ፣ የእርሳሱ መጠን፣ ሁሉም አለበት። ፈርሜበታለሁ፤ የላብራቶሪውንም ማኅተም አድርጌበታለሁ። ፕሮፌሰሩን አላስፈቀድኩም።

ሲያውቅ አልጮኸም። "ጥሩ፣ እንግዲህ መንገድሽን መርጠሻል" ብሎ በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። ጽሑፉ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ስሜ ከላዩ ተነስቷል። የእርስዎም የለም፤ በምስጋናው ላይ "ፈቃደኛ ፎቶ አንሺዎች" ይላል። ፈቃዴ እስከ ጥር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም። ለጊዜው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን በየመደርደሪያቸው እመልሳለሁ።

ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ወረቀቱን ጥር 17 ልኬው ቢሆን ኖሮ የሚደርስብኝ ይኸው ነበር። ከዚህ የከፋ አይመጣም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ የፈራሁት ይህን ነው።

ራዲዮ እንዴት ናት?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፤

ወረቀቱ ደርሶናል። የዘገየሁት ነገሩ የት እንደሚያበቃ አይቼ ልጻፍ ብዬ ነው።

ኃላፊው ማኅተሙን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ስመላለስ ብድግ ብሎልኝ አያውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች መጥተው ባትሪ ቤቱን አሸጉት። ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ጉልበቴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ስለ ልጅቷ ጠይቀሻል። ደሟ ውስጥ ያለው በግማሽ ወርዷል። ሐኪሟ "ከደም ይወጣል፤ የሠራውን ሥራ ግን ይዞት አይወጣም" አለችን። ቃላት እየተመለሱላት ነው፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ተቀየመ ሰው። ራዲዮ ማለቱን ትተናል። በስሟ ነው የምንጠራት።

ልጄ ከነልጇ ከዚህ ቤት ወጥታለች። ሥራ ቤቷ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። እኔን አልወቀሰችኝም። ግን እኔ ፎቶ ሳነሳ ልጅቷ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አፈሩን ስትበትን እንደነበር ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። "ተጠንቀቂ፣ እንሽላሊቷን እንዳታስደነግጫት" ነበር የምላት። አንቺ የፎቶውን ጥግ ቆረጥሽ፤ እኔ የምቆርጠው ጥግ የለኝም። ስለዚህ ብቻሽን ነሽ ያጠፋሽው አልልሽም። ይቅር ብዬሻለሁ ማለትም ገና አልመጣልኝም። ሲመጣ እጽፍልሻለሁ፤ ካልመጣም አልዋሽሽም።

አሁን ትናንት የሆነውን ልንገርሽና ልጨርስ።

የኔ መስመር ከዚህ ወር ጀምሮ ተቀይሯል፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው የታችኛው ሰፈር ደርሶኛል። ጠዋት ቆጣሪ ላነብ ስገባ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ያራግፋል። መኪናውን አወቅኩት። ሰውየውንም አወቅኩት። ያረጁ ባትሪዎች እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ ምድጃው ገና አልተለኮሰም። አየኝና ሳቅ አለ። "ሽማግሌ፣ አንተ እዚህም አለህ?" አለኝ።

እንሽላሊት አልፈለግኩም። ስልኬን አላወጣሁም። በመጀመሪያው በር ጀመርኩ። ሳጥን ከፍቼ ቁጥር ጻፍኩ፣ ከዚያ ባለቤቶቹን ጠርቼ ነገርኳቸው። ሁለተኛው በር። ሦስተኛው። አንዳንዱ "እሺ አባባ" ብሎ ዘጋብኝ። አንዱ ውሻ ለቀቀብኝ። ቀኑን ሙሉ አርባ ሰባት በር አንኳኳሁ፤ ቁጥር ያነበብኩት ግን የሃያውን ብቻ ነው። ለቢሮው ምን እንደምል እንጃ።

አንድ በር ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት ወጣች። ሌላዋ ልጇ፣ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደጁ ላይ በጣሳ አፈር ትሰፍራለች። ሁሉንም ነገርኳት።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ።

"አይደለሁም" አልኳት።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ልጅሽን ከደጅ አስገቢያት። እርግጠኛውን በኋላ እንጠይቃለን።"

ጣሳውን ከእጇ ወሰደችና ልጅቷን አንስታ ገባች።

አጎትሽ